ሰፌዱና የስኒ ማስቀመጫው

አሰብ ላይ ሰው የሚደክመው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፎ ቢሮ እደርሳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ቀን መጎተት ብቻ ነው። ከመሀል አገር ተመድቤ ስሄድ ለሁለት ዓመት ነው ተብዬ ነበር። ሁለቱ አምስት ሆነ፣ ያስታወሰኝም የለ።

ሥራዬ የተቀበረ ብረት መፈለግ ነበር። የውሃ መስመሩን መዝጊያዎች፣ እኛ ሳራቺኔስካ የምንላቸውን፣ አሸዋ ይውጣቸዋል፤ ካርታውም ከመሬቱ ጋር ከተጣላ ቆይቷል። ስለዚህ ብረት ሲያገኝ በጆሮ ማዳመጫ የሚጮህ መሣሪያ ተገዝቶ መጣና እኔ ላይ ወደቀ። ከዘንጉ ጫፍ ላይ መሬት መሬቱን የሚያሸት ክብ ነገር ይገጠምለታል። ክቡ ሁለት ነበር፤ ትልቁን ሠራተኛው ሰፌድ አለው፣ ትንሹን የስኒ ማስቀመጫ። ሰፌድ ይዞ የሚዞር ሰው ቁም ነገር ላይ ያለ ይመስላል። በስኒ ማስቀመጫ አሸዋ ሲያሻሽ የታየ ግን ያው መሳቂያ ነው።

ቢሯችንን የሚያጸዱት ከወሎ የመጡ ሙስሊም እናት ነበሩ። እኔ እማማ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ልጄ ይሉኛል። ያላቸው አንድ ልጅ ብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ወደ ሰሜን ዘምቷል። ሲሄድ ከጠገራ ብር አስቆርጦ ያሠራውን ቀለበት ጣታቸው ላይ አጥልቆላቸው ነው የሄደው። ደብዳቤው ከቆመ ዓመት አልፎታል። ስለ ልጁ ስንጠይቃቸው ቀለበቱን ያሽከረክራሉ።

አንድ ቀን ጣታቸው በሙቀት ሲያብጥ ቀለበቱን አወለቁና ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። ጥራጊ ከግቢው ጀርባ ደፍተው ሲመለሱ ቋጠሮው ተፈቷል። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ወደ እኔ መጡ። ቀለበቱ ከጠፋ እንግዲህ ልጁም፣ ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። ምልኪ ነው ብለው ነበር የያዙት።

ከግቢው ጀርባ ያለው ሜዳ የአዲስ አበባ መንገድ ሾፌሮች ተሳቢያቸውን የሚያቆሙበት ነው። ረዳቶቹ ጎማ የሚፈቱት፣ የሰርዲን ቆርቆሮ የሚጥሉት፣ የለስላሳ ቆርኪ የሚበትኑት እዚያው ነው። ሚስማሩ፣ ሽቦው፣ ቡሎኑ ምኑ ቅጡ። ከአፈሩ ብረቱ ይበዛል።

እንዲህ ያለ መሬት ላይ ትልቁ አይሆንም። አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። ሰፌዱ ሰፊ ስለሆነ አንድ ቆርቆሮ፣ ሁለት ሚስማርና ሦስት ቆርኪ ባንድ ጊዜ ይይዛል፤ ሁሉም እኩል ይጮኻሉ፣ መሀላቸው ያለች ትንሽ ብር ብትናገርም ሰሚ የላትም። ጩኸቱን ላብርድ ብለህ መሣሪያውን ለዝገት ጆሮ ዳባ ልበስ ካሰኘኸው ደግሞ ብሯንም አብሮ ይተዋታል። ትንሹ የሚሰማው ከሥሩ ያለውን ብቻ ነው፤ በሁለት ቆርኪ መሀል ይገባል። ግን ስንዝር በስንዝር ነው፤ ያን ሜዳ በሱ ለመጨረስ ሳምንት ይፈጃል። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ እኔም ታክቶኛል። ክቡን ለመለወጥ አንዲት ቡሎን መፍታት እንኳ ሞት መሰለኝ። ሰፌዱን እንደያዝኩ ወጣሁ፣ ዝገቱን ዝም አሰኘሁት፣ ሜዳውን በአንድ ጠዋት አዳርሼ ተመለስኩ።

እማማ ከአጥሩ ጥላ ሥር ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። የለም አልኳቸው።

ይህችን ቃል እኛ ለጠፋ ዕቃም ለሞተ ሰውም ነው የምንላት። አስቤ አልተናገርኳትም፤ ግን ፊታቸው ሲጠቁር አየሁ። መሣሪያው የለም ካለ ምን ይደረጋል፣ አላህ ያወቀው ነው ብለው መጥረጊያቸውን አነሱ። እውነቱን ልናገርና፣ የተሰማኝ እፎይታ ነው። የቸኮልኩት ቢሮ ውስጥ ወዳለው የቬንቲሌተር ንፋስ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ከዚያው ሜዳ ላይ አንድ መዝጊያ ፈልግ ተባልኩ። ከአጥሩ ማዶ ያለው ሰፈር ውሃ ካጣ ሦስት ቀን ሆኖታል። በሰፌዱ ቀኑን ሙሉ ለፋሁ፤ ትርፉ ጩኸት ብቻ። አለቃዬ ሲቆጣ በማግስቱ ሳልወድ በግዴ የስኒ ማስቀመጫውን ገጠምኩ። ረዳቶቹ ጀበናውንስ የት ጥለኸው ነው እያሉ ተሳሳቁብኝ። አጎንብሼ ስንዝር በስንዝር ሄድኩ። መዝጊያው ጋ ሳልደርስ፣ አንድ የተቀደደ ጎማ አጠገብ፣ ከቆርኪዎቹ መሀል ጥርት ያለች ድምፅ ሰማሁ። በጣቴ ጫር ጫር አደረግሁ። ቀለበቱ ነበር። ደስ ሊለኝ ሲገባ አፈርኩ።

እማማ ቀለበቱን ሳሙት፣ እኔንም ሳሙኝ። የለም አላልከኝም ወይ ልጄ ሲሉኝ መድረሻ አጣሁና መሣሪያውን አምጥቼ አስረዳኋቸው፤ ትልቁ በጥድፊያ እንዴት እንደሚያደናግር፣ ትንሹ እንዴት አንድ በአንድ እንደሚለይ። ጥፋቱን ለሰፌዱ ሰጠሁት። ደክሞኝ ነው አላልኩም። እሳቸው ግን በጥሞና ሰሙኝ፤ በዕድሜዬ እንደዚያ የሰማኝ ሰው የለም።

ሙቀቱ ጋብ ሲል አንድ የቆሰለ ወታደር ከምፅዋ በመርከብ መጥቶ አሰብ ላይ አደረ። ከእማማ ልጅ ጋር አንድ ጋንታ ነበርን አለ። ሲጠየቅ እኔም አጠገቡ ቆሜ ነበር። ውጊያው ካለቀ በኋላ ስም ሲጠራ አቤት ካላሉት አንዱ ልጃቸው ነው አለ። በዓይንህ አይተኸዋል ወይ ሲባል፣ አላየሁም፣ ግን የለም አለ። ይህን ሲል ጭንቅላቱን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ዓይኑ እየተከደነ ነው። ጥያቄው እንዲያልቅለት ብቻ ነበር የሚፈልገው።

መርዶ ማለዳ ነው። የወታደሩን ቃል የሰሙት የሰፈሩ ሽማግሌዎች አንተም የሥራ ባልደረባ ነህ ብለው ይዘውኝ ሄዱ። እማማ ሰግደው ሲነሱ በር ላይ አገኙን። ያን ያህል ሰው በማለዳ ሲመጣ ምን እንደሆነ ለማንም አይጠፋውም። ከመሀላችን ታላቁ፣ ወደብ ጽሕፈት ቤት ያረጁ የአሰብ ሰው፣ ሁሉም የአላህ መሆኑን ተናግረው ልጅዎ የለም አሏቸው። ሴቶቹ ለለቅሶው ተዘጋጅተው ከኋላ ቆመዋል። እማማ አላለቀሱም። ሁሉንም አልፈው እኔን አዩኝ።

«በየትኛው ነው የፈለጋችሁት?» አሉኝ። «በትልቁ ነው በትንሹ?»

ሽማግሌዎቹ ሐዘን አእምሯቸውን ነካው ብለው ተያዩ። እኔ ግን ገብቶኛል። ልጅዎ ሞቷል፣ ይለቀስለት፣ ይውጣልዎት ማለት ነበረብኝ፤ የተወሰድኩትም ለዚያ ነው። ግን ያ ወታደር ከነእንቅልፉ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ።

«በትልቁ ነው፣ እማማ።»

ገባኝ በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። እንግዲያው ግቡ፣ ከደጅ አትቁሙ አሉን። ለቅሶ ልናስቀምጣቸው መጥተን ሻይ አፍልተው አስቀመጡን፤ ዳቦም ቆረሱልን። ሽማግሌዎቹ እኔን በክፉ ዓይን እያዩ ጠጡ። እኔም ጠጣሁ፣ ምን ላድርግ።