የቀላው መድኃኒት

የእህቴን ባል ጠጅ የማያደንቅ ሰው ማንኩሳ ውስጥ አልነበረም። እኔ ግን ያ ጠጅ ሲነሳ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

በሃምሳዎቹ ማብቂያ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ድሬሰር ነበርኩ። ታላቅ እህቴ አስም ስለነበረባት ሐኪሙ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት አዘዘላት። ጠብታው ትንሽ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ይገባና የላስቲክ ኳሱ ሲጨመቅ እንደ ጉም ሆኖ ይወጣል። እኔው ወስጄ ለባልና ሚስቱ አሳየኋቸው። ከታዘዘው ጠብታ አይለፍ፤ ልብ ከደለቀ ይቁም፤ ዕቃው ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ይታጠብ፤ መድኃኒቱ ከቀላ ይደፋ አልኳቸው። እንዳይቸገሩ ብዬም ያልተከፈተ ሌላ ብልቃጥ ጨመርኩላቸው።

ለዳግማይ ትንሣኤ ስሄድ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል። እህቴ ጓዳው በር ላይ ተቀምጣ ትታፈናለች። ኳሱን ትጨምቃለች፣ ትስባለች፤ ትንፋሿ ግን አልከፈት አለ። ዕቃውን ከእጇ ነጥቄ ባየው መድኃኒቱ ቀልቷል።

"ጋሼ፣ አዲሱ ብልቃጥ የታለ?" አልኳቸው ባሏን።

"ከጋኑ ሥር ነው። እሱ ገና ነው፣ ይክረም እንጂ! የደረሰውስ ይኼ ነው፤ መልኩን አታየውም?"

እንግዶቹ የባለሙያ ቃል እንደሰሙ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

መድኃኒቱን እንደ ጠጅ ሊያስከርሙት! "ጠጅ ነው የሚጥሉት ወይስ ሚስትዎን ነው የሚገድሉት?" ብዬ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጮህኩባቸው። በእኛ አገር ታላቅ ሰው ላይ እንዲያ አይጮህም፤ ግን አልጸጸትም።

የቀላውን ደፋሁት። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ እህቴ ራሷ በማሰሮ ከድና አስቀምጣ ኖሯል፤ በእሱ ዕቃውን አጠብኩ። ከአዲሱ ብልቃጥ የታዘዘውን ያህል አንጠባጥቤ ኳሱን እኔ ስጨምቅ እሷ ሳበች። ቀስ በቀስ ትንፋሿ ተከፈተ፣ ከንፈሯም መልኩ ተመለሰ።

ድምፅ ሲመጣላት መጀመሪያ ያለችኝ "አትቆጣቸው" ነው።

"እትዬ፣ የቀላ ይደፋ ብዬሽ አልነበረም?"

"ብለኸኛል። ሲቀላም አይቻለሁ።"

"ታዲያ ምነው ሳብሽው?"

በባሏ ከተናደድኩት በላይ ያንገበገበኝ መልሷ ነው።

"በእንግዳ ፊት ደርሷል ሲሉ፣ አልደረሰም ብዬ ላሳፍራቸው?"