ለሸጋ የመጣ ሥጋ

ባለፈው ዓርብ ጠዋት... ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ መውጫ ላይ ያለችውን ትንሽ ሱቄን ደጃፍ እየጠረግሁ ነበር። ቀና ስል አንድ የማላውቀው ጎልማሳ ከውሻዬ ከሸጋ ፊት ቁጢጥ ብሏል። በእጁ ሥጋ ይዟል።

መጥረጊያዬን ጥዬ ሮጥሁ። ሥጋውን ከእጁ መትቼ ጣልሁትና በእግሬ ቆምሁበት፤ ሸጋንም ወደ እኔ ሳብኋት።

«ምን አጠፋሁ እታለም?» አለኝ ደንግጦ።

«እሱንማ አንተ ታውቃለህ!»

እኔ ሰው ላይ የምጮህ ሴት አይደለሁም። ግን ከሸጋ በፊት የነበረው ውሻዬ የሞተው እንዲሁ ነው። ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ለማጥፋት ተብሎ መርዝ ያለበት ሥጋ በየመንገዱ ተጣለ፤ የእኔውም በላ። እቅፌ ውስጥ ሆኖ እየተንቀጠቀጠ ነው ያለፈው። ከዚያ ወዲህ ሥጋ ይዞ ውሻ የሚጠራ ሰው ሳይ ልቤ ቀጥ ይላል።

ሰውየው አጠገቡ ያስቀመጠውን ሣጥን ከፍቶ መርፌዎቹን አሳየኝ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነው አለኝ። ሥጋው ማባበያ ነው፤ ሸጋ ስትበላ አንገቷ ላይ ገመድ አግብቶ ይወጋታል። ለዚሁ ሥራ ጎንደር ወስደው አሠልጥነውታል።

ጎረቤቴ አያ ገብሬ ጩኸቴን ሰምቶ መጥቶ ኖሮ ሳቀ። «ለውሻ ያዥም ሥልጠና ተጀመረ? ያውም በሕዝብ ገንዘብ! እኔን ቢጠሩኝ በጠፍር፣ በነጻ እይዝላቸው ነበር።»

«አያ፣ መጀመሪያ የተከተብነው እኛ ነን» አለ ሰውየው። «ከዚያ ሳያንቁ እንዴት እንደሚይዙ፣ የታመመው ከጤነኛው በምን እንደሚለይ... ሰው ሲነከስ ለመድኃኒቱ የሚወጣውም እኮ የሕዝብ ገንዘብ ነው። እዚሁ ተራራው ላይ ባለው ፓርክ ያሉት ቀይ ቀበሮዎችም በሽታው የሚይዛቸው ከእኛው ውሾች ነው።»

ነገሩ ገባኝ። እጄ ግን ሸጋን አልለቅ አለ።

«እንግዲያ ቅመሰው» አልሁት።

«ምኑን?»

«ሥጋውን።»

ፊቱ ልውጥ አለ። «እታለም... ዓርብ እኮ ነው።»

«አለቀለት!» አለ አያ ገብሬ። «ይህንንስ አሠልጥነውሃል?»

እኔም ደነገጥሁ። በድንጋጤ ጾም መሆኑ ጭራሽ ጠፍቶኝ ነበር። አንገቱ ላይ ክር አስሯል። «ተወው» ልለው አፌን ስከፍት እሱ ሸጋን እያየ ነበር። ከቀሚሴ ኋላ ተሸጉጣ፣ ጭራዋን ቆልፋ ትንቀጠቀጣለች።

ሰውየው ሥጋውን ከያዘበት ፌስታል አንድ ቁራጭ አወጣ። አማተበ... ጎረሰ። ዓይኑን ጨፍኖ አላመጠና ዋጠ።

አያ ገብሬም አልሳቀም።

«አሁንስ?» አለኝ ሰውየው።

ሸጋን ለቀቅሁለት። ዓይኗን ሳያይ፣ ጎኑን ሰጥቷት መሬት ላይ ተቀመጠ። ቆየችና ቀስ ብላ ሄደች። ከእጁ እየበላች ተወጋች፤ ጭጭ። ሲጨርስ አንገቷ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረላት፣ የተከተበች መሆኗ እንዲታወቅ።

ውኃ ሰጠሁትና አፉን ተጉመጠመጠ። «የነፍስ አባቴ ምን ይሉኝ ይሆን?» አለ፣ ለራሱ የሚያወራ ይመስል።

«ማን ናቸው?» አልሁት። ስማቸውን ሲጠራ... ለካ የእኔም ናቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አብረን ወደ እሳቸው ሄድን። እሱ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። እኔ ቀድሜው «አባ፣ ያስበላሁት እኔ ነኝ» አልሁ፤ የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው። አባ መቋሚያቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ሁለታችንም እግራቸውን እያየን ጠበቅን።

«ውሻይቱ ደህና ናት?» አሉ።

«ደህና ናት አባ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉና ስግደት አዘዙለት።

ግማሹን እኔ ወሰድሁ... ጉልበቴ እስካሁን ያመኛል፤ ግን እንዲህ ደስ ብሎኝ ሰግጄ አላውቅም።