ታንኳው ለሁሴን የተሰጠ ዕለት

ዛሬ ረፋድ በታናሽ ወንድሜ በሁሴን ደጅ ሳልፍ፣ አጥር ላይ የተሰጣው እርጥብ መረብ ሸተተኝና የወጣትነታችን ቂም ተቀሰቀሰብኝ።

እኔ ያለ አስተማሪ ፊደል ለይቼ ለሐይቅ ዳር ሰው ሁሉ ማመልከቻ የጻፍኩ ነኝ። ያኔም በጉልበትም በዋናም ሁሴንን እበልጠው ነበር። አባታችን ግን ታንኳውን ለአንዳችን ብቻ ሊሰጥ አስቦ፣ አንድ ጧት ለየብቻ መረብ አስጣለን።

እኔ ዳር ተቀምጬ መረቤን ስጠብቅ ዋልኩ። ሁሴን ጥሎ ሄዶ በቆሎውን አረመ፤ ለላሚቱም ሣር አጨደ። ስናወጣው የሁለታችንም መረብ እኩል ዓሣ ይዟል።

«አንተ ምን ስትሠራ ዋልክ?» አለኝ አባቴ።

«መረቡን ስጠብቅ።»

«እግር የለው፣ የት ይሄድብሃል?» ብሎ ሳቀ። «ልጄ፣ መረቡ ሲሠራ አንተ ተቀመጥክ። ሁሴን ግን ሁለት ሰው ሆኖ ዋለ።»

ታንኳውን ለሱ ሰጠው። ስንት ዘመን ሆነው፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ዛሬም ሁሴን ሥራውን በጧት ጨርሶ ዛፍ ጥላ ሥር ጋደም ብሏል።

«ወንድም ጋሼ፣ ና እስቲ አረፍ በል» አለኝ።

«ጊዜ የለኝም፣ ጉዳይ አለብኝ» ብዬው አለፍኩ።

ምንም ጉዳይ አልነበረብኝም።