የአንደኛዋ ካርድ

ሰኔ ሲገባ ይደክመኛል። ፈተናው አልቆ፣ ልጆቹ ካርድ እስኪሰጥ ወደየቤታቸው ሄደው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ እኔ ጋቢዬን ደርቤ ውጤት እደምራለሁ። የልጆቹ መሄድ ደስ ይለኛል፤ በማግስቱ ደግሞ ጸጥታው ያስጠላኛል።

ዘንድሮ ሰኔ በክፍሌ አንደኛ የወጣችው ከወንዝ ማዶ በእግሯ የምትመጣ የገበሬ ልጅ ነበረች። ሁለተኛዋ የርእሰ መምህሩ ልጅ። ደስታዬን አልደብቅም። ቅዳሜ ገበያ ላይ የገበሬውን ልጅ ሳገኛት፣ የማላደርገውን አድርጌ፣ «አንደኛ ነሽ» አልኳት። እየሮጠች ሄደች።

ርእሰ መምህሩን የምጠላበት ምክንያት አለኝ። ባለቤቴ ደብረ ብርሃን ታሞ በተኛበት ዓመት ዝውውር ጠይቄ፣ «ተተኪ የለም» ብሎ ደብዳቤዬን መለሰልኝ። እኔ እዚህ ሳስተምር ባለቤቴ እዚያ ሞተ። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ካርዶቹ ተፈርመው ካለቁ በኋላ የፈተና ወረቀቶቹን ሳስር የርእሰ መምህሩ ልጅ በአማርኛ ዘጠና አንድ ማግኘቷን አየሁ። የውጤት መዝገቡ፣ ሮስተሩ ላይ፣ ስልሳ አንድ ብዬ ነበር። እንደገና ደመርኩ። አንደኛዋ እሷ ናት። በስህተት ነው ብል ማን ያምነኛል? እኔም ራሴን አላመንኩም። ወረቀቱን አስሬ ዝም ማለት እችል ነበር። ሁለት ቀን ዝም አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ሁለት አዲስ ካርድ ጽፌ ቢሮው ገባሁ።

«ተሳስቻለሁ» አልኩት።

ካርዶቹን ሳያይ፣ «አውቃለሁ እትዬ፤ ስፈርም ስልሳ አንዱን አይቼ የልጄ ውጤት እንዳልሆነ ገብቶኛል» አለ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ልጄን አንደኛ ያድርጉልኝ ብዬ እርስዎ ዘንድ ልምጣ? በየትኛው ፊቴ?»

በደሉን የሚያምንበትን ይህን ቃል ስንት ዓመት ጠብቄዋለሁ። ሲመጣ ግን ለአንድ ካርድ ብሎ መጣ። ልቤ አልራራም።

«ፈርምበት» አልኩት። ፈረመ።

በወላጆች ቀን የገበሬው ልጅ ካርዷን ገልጣ አየችና ቀና አለች።

«ቲቸር፣ አንደኛ ነሽ ብለውኝ አልነበር?»

«ብዬሽ ነበር። የደመርኩት እኔ፣ የተሳሳትኩትም እኔ።»

አባቷ ለበዓል የሚለብሰውን ኮት ለብሶ መጥቷል። ካርዱን ከእጇ ወስዶ በደረት ኪሱ ከተተና፣ «ሁለተኛም ደግ ነው፣ እግዜር ይስጥልን» አለኝ። እሷ አልተሰናበተችኝም። ፊቷን አዙራ ከአባቷ ቀድማ በዝናቡ ወጣች።

መስከረም ላይ ስትመለስ ሰላም ላትለኝ ትችላለች። አልፈርድባትም። እኔም የርእሰ መምህሩን «ተተኪ የለም» እስከ ዛሬ አልረሳሁም።