ግዝት ያለበት መጽሐፍ

ልጅ ሳለሁ፣ ቁስቋም ሰፈር፣ ሲመሻሽ የምንሰበሰበው አያ ውበቱ ቤት ነበር። አያ ውበቱ በወጣትነታቸው የቆሎ ተማሪ ሆነው መጥተው፣ ትዳር ይዘው እዚያው የቀሩ ጎረቤታችን ነበሩ። መብራት ያኔም መጥፋት ይወድ ነበርና ኩራዝ ያበራሉ፤ የባሕር ዛፉ ፍም ምድጃው ላይ እየተንጣጣ፣ ጭሱ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን፣ እሳቸው ጥግ ጥጉ በጭስ የጠየመ የተረት መጽሐፍ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ሁለት መስመር ያነባሉ። ከዚያ ይከድኑትና በራሳቸው መንገድ ይሄዳሉ። ጅቡ የኛ ሰፈር ጅብ ይሆናል፤ ቀበሮዋ የጎረቤታችንን አነጋገር ታመጣለች።

ሰባተኛ ክፍል ስደርስ የትምህርት ቤታችን ተማሪዎች ያገለገሉ መጻሕፍት መሰብሰብ ጀመርን። ከኮላ ድባ ወዲያ፣ ሜዳው ላይ፣ አንድ መጽሐፍ ለአምስት የሚያነቡ ልጆች አሉ ተባለ። መምህራችን ጆንያውን ቀድሞ የሞላ ተማሪ መጻሕፍቱን ከሚወስደው ማኪና ጋር ሄዶ ያስረክባል አሉ። እኔ ክፍል ውስጥ መቀመጥ የሚያሳክከኝ ልጅ ነበርኩ፤ ማኪና ሲባል ግን እንቅልፍ አጣሁ። ከቁስቋም እስከ አራዳ የትኛው በር ውሻ እንዳለው፣ የትኛዋ እናት «ነገ ና» ብላ እንደምትረሳ አውቅ ነበርና ጆንያዬ ከሁሉም ቀድሞ ሞላ ሊል ደረሰ። አንድ ስንዝር ጎደለ። አያ ውበቱ ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት ገብቼ ያንን መጽሐፍ አነሳሁት። ተረቱን በቃላቸው ያውቁት የለ እንዴ ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

በማግስቱ ጆንያው ክፍል ውስጥ ሲዘረገፍ የክፍል አለቃችን ሰብለ የመጀመሪያውን ገጽ ገልጣ ጮክ ብላ አነበበች። በአያ ውበቱ እጅ የተጻፈ ነው፦ «ይህን መጽሐፍ ያለ ፈቃዴ ከቤቴ ያወጣ ውጉዝ ይሁን።» የኛ ሰፈር ሽማግሌዎች መጽሐፋቸውን እንዲህ በግዝት ያስሩታል፤ በደብር ጥላ ያደገ ልጅ ደግሞ በግዝት አይቀልድም። እጆች ሁሉ ከመጻሕፍቱ ላይ ተነሱ።

«እሱን ብቻ አውጡት በቃ» አልኩ።

«አብሮት በአንድ ጆንያ ያደረውንስ?» አለች ሰብለ። «አንተ ንካው፤ የለመድከው ነው።»

መምህሩም ልጆቹ የፈሩትን አላስጭንም አሉ። ማኪናው በማግስቱ ጠዋት ይነሳል። በኔ አንድ ስንዝር ምክንያት ጆንያ ሙሉ መጽሐፍ ሊቀር ሆነ።

ያን ምሽት መጽሐፉን ጃኬቴ ውስጥ ይዤ ሄድኩና በሩ ሥር ተቀመጥኩ። አያ ውበቱ ተረት እያወሩ እጃቸው ባዶ ጉልበታቸውን ይዳብሳል። ያን ቀን ጅቡ ይሙት ይዳን አልሰማሁም። ልጆቹ ሲበተኑ ቀረሁ።

«ምነው ዛሬ ዝም አልክ? ሌላ ቀን ከኔ ቀድመህ ጅቡን የምትገድለው አንተ ነህ» አሉኝ።

መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ተናገርኩ፤ የማኪናውን ነገር ሳይቀር። ፍሙን በእንጨት ቆሰቆሱት።

«ብትጠይቀኝ እምቢ የምልህ መስሎህ ነው?»

«አዎ አያ። እምቢ ይሉኝ ነበር።»

ሳቅ አመለጣቸው። «እሱስ እውነትህን ነው።»

«መጽሐፉ ይኸው፤ ይቅርብኝ። ግዝቱን ግን ከሌሎቹ መጻሕፍት ላይ ያንሱልኝ። እነሱ ምን አጠፉ? እስኪያነሱልኝ ከዚህ አልነሳም።»

አየት አደረጉኝ። «የሜዳው ልጆች ጅብ ያውቃሉ?»

«ከኛ ይበልጥ ነው የሚያውቁት።»

እስክርቢቶ አምጣ አሉኝ። ኩራዙን አስጠግተው፣ ከድሮው ጽሑፍ ሥር ቀስ ብለው ጻፉና መጽሐፉን መልሰው ሰጡኝ። «ያቺ አለቃችሁ ታንብበው። አንተን ማን ያምንሃል?»

ጠዋት ሰብለ አነበበችው፦ «የላይኛውን ፈትቻለሁ። ይህን መጽሐፍ ቆልፎ ከልጅ የደበቀ ግን ውጉዝ ይሁን።» ክፍሉ ሳቀ፤ እጆችም ወደ መጻሕፍቱ ተመለሱ። እኔን መምህሩ አላስሄዱኝም፤ ደግም አደረጉ። ጆንያውን ተሸክሜ ጫንኩና በሩ ላይ ቆሜ ሸኘሁት። ከማኪናው ጋር የሄዱት ሲመለሱ፣ የዚያ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ያቺን ገጽ አንብበው የመጽሐፍ ሳጥኑን ቁልፍ ኪሳቸው ከተቱት፣ ሳጥኑም ክፍቱን ቀረ ብለው ነገሩን።

በዓመቱ ትምህርት አቋረጥኩ፤ የምኮራበት አይደለም። አያ ውበቱ ዛሬ የሉም። እኔ ባጃጅ እነዳለሁ፣ አንድ ቦታ መቀመጥም አሁንም አልሆነልኝም። ተማሪዎች መጽሐፍ ሊሰበስቡ ሲወጡ ግን ሥራዬን አቁሜ ከፊት ከፊታቸው እሄዳለሁ። በሮቹን አውቃቸዋለሁ። አንኳኳለሁ፣ ለማን እንደሆነ እናገራለሁ፣ እምቢ ሲሉኝ አመስግኜ እወጣና ሌላ ቀን እመለሳለሁ። ትናንት አራዳ አንዲት እናት ሦስተኛ ጊዜ በራቸው ላይ ሲያዩኝ «አንተ ልጅ፣ አይሰለችህም?» አሉኝ።

አይሰለቸኝም አልኳቸው። ነገ አራተኛዬ ነው።