በሰይድ ስም የታከምሁበት ጊዜ

ይህ የደረሰብኝ በጣሊያን ጊዜ ነው፤ ጣሊያኖች ባሕር ዳር ላይ ጀልባ የሚያቆሙበትን የድንጋይ ግንብ በሐይቁ ዳር ሲያሠሩ። ዛሬ እርጅና መጥቶ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። የዚያን ጊዜውን ግን አልረሳሁም። እግሬን ስላመመኝ አይደለም። ሰው በሞላበት ቦታ ሰው ማጣት ምን እንደሆነ ያየሁት ያኔ ስለሆነ ነው።

አገሬ ይፋግ ነው። እናትና አባቴ በልጅነቴ ሞተው ያሳደጉኝ ቄስ አጎቴ ናቸው። ጦርነቱ ሲያልፍ ጎተራችን ባዶ ሆነ። ለእሳቸው ሸክም ከምሆን ብዬ በታንኳ ከሚመላለሱ ነጋዴዎች ጋር ባሕር ዳር መጣሁ። ሥራዬ ድንጋይ መሸከም ነበር። የተቀጠረ ሰው ሁሉ ቁጥር የተመታባት ትንሽ ቆርቆሮ ይሰጠዋል። እህል የሚሰፈርልን በእሷ ነው፤ ስንታመም ወደ ሐኪሙ ድንኳን የምንገባውም በእሷ ነው። እኔ ከማተቤ ጎን አንጠልጥያት ነበር።

አንድ ጧት ድንጋይ ከጀልባ ስናወርድ ከፊቴ ያለው ሰው አዳለጠውና ድንጋዩ ቀኝ እግሬ ላይ ወደቀ። ጓደኞቼ ተሸክመው ወደ ድንኳኑ ወሰዱኝ። ሐኪሙ ጣሊያን ነው። አጥቦ፣ መድኃኒት አድርጎ፣ በነጭ ጨርቅ አሰረልኝና እንድመላለስ በአስተርጓሚው ነገረኝ። ጥቂት ቀን ተመላለስሁ። ከዚያ የሠራተኛው አለቃ፣ ካቦው፣ መጥቶ ቆሜ መሥራት እንደማልችል ሲያይ ቆርቆሮዬን ከአንገቴ ፈታት።

"ከዛሬ ጀምሮ ሥራ የለህም" አለኝ።

በማግስቱ ቁስሌን ላሳጥብ ሄድሁ። ድንኳኑ በር ላይ አስተርጓሚው ቆሟል። ከአሥመራ የመጣ፣ ነገር የማያበዛ ቀጭን ሰው ነው።

"ቆርቆሮህስ?"

"ወሰዱብኝ።"

"እንግዲያው መግባት አትችልም።"

"የተጎዳሁት እኮ በእነሱ ሥራ ነው" አልሁት። "እስክድን እንኳ ሊያክሙኝ አይገባም? ሕግ የላቸውም?"

ወደ ውስጥ ዘወር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሕጉስ አላቸው። በአገራቸው ሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ እስኪድን ይታከማል። ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ያ ግን ለእነሱ ነው፣ ዘውዱ። ለእኔና ለአንተ ሕጉ ያች ቆርቆሮ ናት።"

ስሜን ማወቁ ገረመኝ። ያን ቀን ስሜን የጠራው እሱ ብቻ ነው።

የምናድርበት ጎጆ የሠራተኛ ስለሆነ ከዚያም አስወጡኝ። ሐይቁ ዳር ካለች ሾላ ሥር ተቀመጥሁ። መጀመሪያ ጓደኞቼ ከራሳቸው ቆንጥረው ቂጣ ያመጡልኝ ነበር። በኋላ ካቦው፣ የተሰፈረለትን እህል ለሌላ ያካፈለ ቆርቆሮውን ይነጠቃል ብሎ አስፈራራቸው። ከዚያ ወዲያ በሩቁ ሰላም ይሉኛል፤ ቀጥሎ ሰላምታውም ቀረ። አልፈርድባቸውም። እነሱም የሚያስጠጋ ዘመድ የላቸውም። ቁስሌም መሽተት ጀምሮ ነበር።

ቀኑን ሙሉ ሲያልፉ ሲያገድሙ አያቸዋለሁ። እኔ እሸከምበት የነበረውን ቦታ ሌላ ሰው ይዞታል። ብሞት ለአጎቴ ማን ይነግራቸዋል እያልሁ አስባለሁ። የሚያናግረኝ ሲጠፋ አጎቴ ያስጠኑኝን ዳዊት ጮክ ብዬ እደግም ነበር። ለጸሎት ብቻ አይመስለኝም፤ የሰው ድምፅ እንድሰማ ነው።

ከሾላዋ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ታንኳቸውን ያቆማሉ። እንድሪስ ይባላሉ። ጧት ጧት ለጣሊያኖቹ ሰፈር ዓሣ ያደርሳሉ። ሁልጊዜ ዝም ብለው ያልፉኝ ነበር። አንድ ቀን ቆሙ።

"አንተ ልጅ፣ ይህ እግር ሸቷል።"

"አዎ፣ አባቴ።"

"ሰው የለህም?"

"የለኝም።"

"በል ተነሣ" አሉና ትከሻቸውን ሰጡኝ።

ቤታቸው ከውኃው ብዙም የማይርቅ የደንገል ጎጆ ነው። ባለቤታቸው እማማ ዘሃራ እግሬን በሞቀ ውኃና በጨው አጠቡልኝ። ዓሣም ሰጡኝ። ሥጋ ቢሆን እነሱ ያረዱትን እኔ አልበላም ነበር፤ ዓሣ አይታረድምና በላሁ። ሁለቱም ይህን አስበውበት ኖሯል፤ እዚያ ቤት ሳለሁ ሥጋ ሲሠራ አላየሁም።

እግሬ ግን ባሰበት። ትኩሳት ያዘኝ። እብጠቱ ወደ ጉልበቴ ሲወጣ እንድሪስ አጠገቤ ቁጭ አሉ።

"ጣሊያኖቹ በሽታ ከዓሣው ጋር ወደ ማዕዳቸው እንዳይገባ ስለሚፈሩ የእኔን ቤተሰብ ያክማሉ። ነገ ልጄ ነህ።"

"ከታወቀብዎስ?"

"ከታወቀማ ይገርፉኛል" አሉ፤ ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚል ሰው።

ጧት እማማ ዘሃራ ነጠላ ቢጤ አንገቴ ላይ ጠመጠሙልኝ። ማተቤን ልፈታ እጄን ስሰድ ያዙኝ። "አትፍታው" አሉ። "ክርህ የእምነትህ ነው። መሸፈኑ ይበቃል።"

ድንኳኑ በር ላይ ያው አስተርጓሚ ቆሟል። እኔን አየ፤ እግሬን አየ፤ ከዚያ እንድሪስን አየ።

"ማን ነው ይሄ?"

"ልጄ ነው" አሉ እንድሪስ።

"ስሙስ?"

ስም አላዘጋጀንም ነበር። እንድሪስ ወደ ሐይቁ ዞረው አዩ።

"ሰይድ" አሉ በመጨረሻ።

አስተርጓሚው ወደ ሐኪሙ ዞረና በጣሊያንኛ ተናገረ። ከቃሉ ሁሉ የገባኝ "ሰይድ" የሚለው ብቻ ነው። ሐኪሙ ጨርቁን ፈታ፤ ቁስሉን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ተቆጥቶ ብዙ ተናገረ። ያወቀኝ መሰለኝ።

"ይህን ያህል እስኪበላሽ የት ነበር፣ ይላችኋል" አለ አስተርጓሚው። እኔን ሳያይ ነው ያለው።

"ሐይቅ ላይ ነበር በለው" አሉ እንድሪስ።

ሐኪሙ ቁስሉን ከፈተ፤ ጮህሁ። እንድሪስ ጭንቅላቴን ደረታቸው ላይ ይዘው "አይዞህ ሰይድ፣ አይዞህ ልጄ" ይሉ ነበር። ለሐኪሙ ሲሉ ነው ብዬ አሰብሁ።

ቤት ስንመለስ እማማ ዘሃራ ዓሣ በቢላዋ እየሰነጠቁ ነበር። "ማን ብለህ አስገባኸው?" ብለው ጠየቁ።

"ሰይድ ብዬ።"

ቢላዋውን አስቀምጠው ወደ ሐይቁ ወጡ። ያኔ እንድሪስ ነገሩኝ። ሰይድ የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። ጣሊያን ሳይመጣ በፊት ለዓሣ ወጥቶ ማዕበል ያዘው። ታንኳዋ ተገልብጣ ተገኘች፤ እሱ አልተገኘም። ሐይቅ ላይ ነበር ብለው ለሐኪሙ የተናገሩት እውነት እንደነበረ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው።

እግሬ እስኪድን በሰይድ ስም ተመላለስሁ። እማማ ዘሃራ ማብላቱንም ማጠቡንም አላጓደሉም። ግን ከዚያች ቀን ወዲህ በምንም ስም ጠርተውኝ አያውቁም። ስበላ ያዩኝና ፊታቸውን ያዞራሉ። በአንዲት ጎጆ ሦስታችንም ለየብቻችን ነበርን።

መራመድ ስችል ይፋግ የሚሄዱ ነጋዴዎች ተገኙ። ዳር ድረስ ሁለቱም ሸኙኝ። የእንድሪስን ጉልበት ልስም ስል አነሡኝ።

"ተመልሼ እመጣለሁ" አልኋቸው። "ልጅዎ ነኝ እኮ። ሰይድ ነኝ።"

እማማ ዘሃራ ጠጋ አሉ። "ዘውዱ" አሉኝ፤ ስሜን ሲጠሩ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው። "አንተ የራስህን ስም ይዘህ ሂድ። ያን ለእኛ ተውልን።"

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ተመልሼ ሄድሁ። ጎጆዋ የነበረችበት ቦታ ደንገል በቅሎበታል። ወደ ዘጌ ሄደዋል ያለኝ አለ፤ ሄጄ አላገኘኋቸውም። አስተርጓሚውንም ጠይቄ የሚያውቀው ጠፋ።

የእማማ ዘሃራ ቃል ለብዙ ዓመት ቅር ሲለኝ ኖረ። እንደ መባረር ቆጥሬው ነበር። እኔም ልጅ ከቀበርሁ ወዲህ ግን ቅሬታው ወጣልኝ። የሞተ ልጃቸው ስም በሌላ ሰው ላይ ሲጠራ እየሰሙ፣ እኔ እስክድን ችለው አሳደሩኝ። የወሰዱት የራሳቸውን ነው።

ሐይቁ ዳር ሳልፍ ግን እስከ ዛሬ አንድ ሰው ልጁን "ሰይድ" ብሎ ሲጠራ ከሰማሁ ዞር እላለሁ። የተጠራው ልጅ እየሮጠ ሲያልፈኝ አየውና መንገዴን እቀጥላለሁ።