አንድ ንግግር የቀረለት ሰው

ካይሮ ውስጥ፣ በአንድ ሆስፒታል ስድስተኛው አልጋ ላይ የተኛውን ሽማግሌ ስም የሚያውቅ የለም። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ወድቆ ሲያመጡት ኪሱ ውስጥ ማበጠሪያና ግማሽ ዳቦ ብቻ ነበር። ጭንቅላቱ ውስጥ የፈሰሰው ደም ቀኝ እጁን ሽባ አድርጎ፣ ቃላቱን ሁሉ ወስዶ፣ አንድ የአስቂኝ ፊልም ንግግር ብቻ ተወለት። በከተማው ልጅ አዋቂው የሚያውቀውን፣ ተከራዮቹ ከገዛ ቤቱ ያስወጡት አከራይ የሚናገረውን።

«ቤቱ የኔ ነው፤ ቁልፉ ግን እናንተ ጋ ነው።»

ውሃ ሲጠማው ይህንኑ ይላል። ሲያመውም፣ ሲያመሰግንም ያው ነው። በሽተኞቹ ይስቃሉ። ነርሷ ነጅላ ግን የፈለገውን ከድምፁ ትለያለች።

«ስምዎን ብቻ ይንገሩኝ፣ ሐጂ» አለችው አንድ ቀን።

ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ያው ነው። ነጅላ ስልኳን ሰጠችው። በግራ እጁ ቀስ እያለ ቁጥር ነካካ። አንዲት ሴት አነሳች።

«ማን ልበል?»

ሽማግሌው ስልኩን አፉ ላይ ለጥፎ፣ እንባው እየወረደ ተናገረ። ሴትዮዋ ከት ብላ ሳቀች።

«አንተ ቀልደኛ፣ ሥራ የለህም?» ብላ ዘጋችው።

ነጅላ መልሳ ደውላ ጠየቀች። ከቤታቸው የጠፋ ሰው የለም።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ፀጉሩን አበጥሮ ስልኩን ይጠይቃታል። የሚደውለው ቁጥር አንድም ቀን ተመሳስሎ አያውቅም። ዛሬ ያነሳው ጎልማሳም ሳቀ። ሽማግሌው ሳቁ እስኪያልቅ አዳመጠ።

«የሚፈልጉት ሰው እሳቸውም አይደሉም?» አለችው ነጅላ።

ስልኩን መለሰላትና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።